የጊታርህን ብሪጅ ያበላሸሁት እኔ ነኝ

ለልጄ፣ ለቤታችን በኩር፤

እንደምን ሰንብተሃል? ከራስ ጸጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ደህና ነህ ወይ? ያ ዕቃ ስታነሳ የሚይዝህ ወገብህ ተሻለህ? ብርዱንስ ለመድከው ወይስ እንደ ድሮህ አፍንጫህ እየተደፈነ በአፍህ ትተነፍሳለህ? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ ቆመህ ጎርሰህ ትሮጣለህ? እኛ ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷ የሚቆረጥማት ደረጃ ስትወጣ ብቻ ነው፤ ስትወርድ እንደ ልጅ ነች። እኔም ዓይኔ ትንሽ ከመድከሙ በቀር ብረት እቆርጣለሁ፣ እበይዳለሁ፣ ከጎረምሳ እኩል አነሳለሁ። ይህን የምትጽፈው እህትህ ናት። ከአፌ የወጣውን እንዳታሳምር አስጠንቅቄአታለሁ፤ ሲያልቅ መልሳ ታነብልኛለች።

በስልክ ልነግርህ ያልደፈርኩት ነገር ስላለ ነው ያስጻፍኩት። በስልክ ብናገረው አንተ ዝም ትላለህ፣ እኔ ዝምታህን ስሰማ እቆጣለሁ፣ ከዚያ ነገሩ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ወዳንተ የሚመጣው የእህትህ ባል ደብዳቤውን በእጅህ ይሰጥሃል። አንብበህ ሳትጨርስ የጊታሯን ሳጥን እንዳይከፍትልህ አስምዬዋለሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ደውለህ፣ እዚያ ካሉ ሙዚቀኞች ጋር አዳራሽ ውስጥ ልትጫወት መሆኑን ነገርከን። ከቤት ከወጣህ ስድስት ዓመት ሆኖሃል፤ በሰው ፊት ስትጫወት ይህ የመጀመሪያህ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታርህ እንድትመጣልህ ለመንከን። ቀጥለህ «አባዬ፣ ደህና ናት?» ብለህ ጠየቅከኝ። እኔም አፌን ሞልቼ «እንደተውካት ናት፣ ማንም አልነካትም» አልኩህ። ዋሸሁህ።

አንተ እንደሄድክ ክፍልህ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ነበር። በሩን በከፈትኩ ቁጥር የምታፈጥብኝ ይመስለኛል። ሞርሳውንም ብየዳውንም የአርባ ዓመት ደንበኞቼንም ላንተ ትቼ አርፋለሁ ስል ጥለኸኝ የሄድከው በእሷ ምክንያት ነው ብዬ ቂም ይዤባት ነበር። ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜ ዕቃ ስናወጣ እናትህ አልጋችን ሥር እናስገባት አለች። እኔ ግን ብረት መጋዘኑ ውስጥ፣ ከቁርጥራጭ ቱቦና ከቆርቆሮ ጋር አቆምኳት። ቦታ ጠፍቶ አይደለም፤ እልህ ነው። ሁለት ክረምት እዚያው ቆመች።

ስልኩን እንደዘጋህ ሄጄ አወጣኋት። እንጨቷ ደህና ነው፤ አቧራዋን ስጠርገው ቀይ ቀለሟ ወጣ። ክሮቹ በታች በኩል የሚያርፉበትን ብረት ግን፣ እናንተ ብሪጅ የምትሉትን፣ ዝገት በልቶታል። በላዩ ላይ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ክር የሚሸከሙ ስድስት ትንንሽ ብረቶች አሉ አይደል? አንዱ ወደፊት አንዱ ወደኋላ ሆነው ተዛንፈዋል። ታውቀኛለህ፤ አርባ ዓመት በርና መስኮት ስሠራ የተዛነፈ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። የዘነጋ ሠራተኛ ሥራ ነው ብዬ ደመደምኩ። ፈታሁት፣ ሞርሳ ላይ አሰርኩት፣ ስድስቱንም አንድ መስመር አስያዝኳቸው፣ አናታቸውን በሞረድ እኩል አደረግኩ። ብሎኖቻቸው ዝገው አልዞር ሲሉኝ በፒንሳ ያዝኳቸው፤ ሁለቱ ተቀነጠሱ። እንግዲያው ዳግመኛ እንዳይነቃነቁ ብዬ ከሥር ጠብ ጠብ አድርጌ በየድኳቸው። ከእንጨቱ ውስጥ ብቅ ያለች ቀጭን ሽቦም ነበረች፤ ከምንም ጋር ስላልታሰረች ትርፍ ናት ብዬ ቆረጥኳት።

መልሼ ገጥሜ ክሮቹን ስወጥር ሥራዬ አማረኝ። እህትህን ጠርቼ «ነይ፣ የአባትሽን እጅ እዪ» አልኳት። ካንተ እንደተማረችው ቃኝታ መታቻት። ባዶው ክር ደህና ነበር፤ ጣቷን በጊታሯ አንገት ላይ ወደ ታች ስታወርድ ግን ክሮቹ እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ሆኑ፣ አንዱ ያለውን ሌላው አይቀበል። እህትህ እጇን አንስታ «አባዬ፣ ምን አደረግካት?» አለችኝ። ለካ ብረቶቹ የተዛነፉት ሆን ተብሎ ነው። ወፍራሙና ቀጭኑ ክር እኩል ርዝመት ላይ አይስማሙም፤ እያንዳንዱን በጆሮህ እየለካህ ያስቀመጥከው አንተ ነህ። «ቆጣሪውን ያጠፋህበት ቀን እኮ ነው» አለችኝ።

ትዝ አለኝ። ከምሳ በኋላ ጀምረህ አንዱን ድምፅ ትመታለህ፣ ካቻቢቴ ታዞራለህ፣ እንደገና ትመታለህ። ጆሮዬን አደነቆርከው፣ አንተ ሥራ ፈት ብዬ ጮኼ፣ ወጥቼ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁብህ። ልጄ፣ ያን ቀን ስትለካ ነበር የዋልከው። እኔ ልኬት ሥራዬ ነው ብዬ የምኮራ ሰው፣ የገዛ ልጄ ሲለካ አላወቅኩትም።

ሙዚቀኛው ሁሉ «ጆሮው» እያለ የሚጠራው ጊታር ጠጋኝ አለ። ከጫማ መሸጫው በላይ፣ አንድ መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ ይሠራል። ብሪጁን አገላብጦ አየና «ይህን ያደረገው ጠላት ነው?» አለኝ። «ባለሙያ ነው» አልኩት። «ጠላት ይሻል ነበር» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ደረጃውን በጭንቅላቱ አስወርደው ነበር፤ ያን ቀን ዋጥኩት። አይጠገንም፣ በሌላ ይቀየራል፤ መጀመሪያ ግን የብሎን ቀዳዳዎቹንና የክሮቹን ርቀት ለክተህ ና አለኝ።

እኔ ደግሞ ዓይኔ ይበቃል ብዬ ቀጥታ ወደ ሙዚቃ ዕቃ መሸጫው ሄድኩ። ብረት ሲከብድ ይሻላል በሚል ከሁሉ የሚከብደውን፣ ከሁሉ የሚያብረቀርቀውን መረጥኩ። ቤት ሳመጣው ቀዳዳው ከቀዳዳ አልገጥም አለ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ትራፓኖ አነሳሁና ቀዩን እንጨትህን ሁለት ቦታ በሳሁት። አስሬ ክሩን ስወጥር የዳር የዳሮቹ ሁለት ክሮች ከአንገቷ ጠርዝ ወጥተው አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ቁጭ ብዬ እጄን አየሁት። እጄ እንዲያ አሳፍሮኝ አያውቅም።

ተመልሼ ስሄድ ጆሮው አላሾፈብኝም፤ ይህ ይበልጥ አመመኝ። መለኪያውን ሰጥቶ ራሴን አስለካኝ፦ ከብሎን ቀዳዳ እስከ ብሎን ቀዳዳ፣ ከመጀመሪያው ክር እስከ ስድስተኛው። ከዚያ ክሩ ከጊታሯ ራስ ሥር ከሚነሳበት እስከ አሥራ ሁለተኛው የአንገቷ አግዳሚ ብረት ለካንና ያንን እጥፍ አደረግነው፤ ክሩ የሚያርፈው እዚያ አካባቢ ነው አለኝ። ሦስት ብሪጅ አወጣልኝ። አንዱ በእጀታ እየተነቀነቀ ድምፁን የሚያርገበግብ ነው፤ እሱን ለመግጠም እንጨቷን መቦርቦር ያስፈልጋል፤ በቃኝ፣ ከዚህ በላይ አልቦረቡራትም አልኩት። ሁለተኛው አንድ ሚሊ ተኩል ይጠባል። ሦስተኛው ተራ፣ ደብዛዛ፣ ዓይን የማይገባ ነው፤ ነገር ግን ከድሮዎቹ አራት ቀዳዳዎች ጋር ልክክ አለ። እሱን ወሰድን።

እኔ የበሳኋቸውን ቀዳዳዎች በጠንካራ እንጨት ውታፍና በሙጫ ደፈንናቸው። ያች የቆረጥኳት ሽቦም ትርፍ አልነበረችም። ብሪጁን ካልነካች ጊታሯ ድምፅ ማጉያው ላይ ስትሰካ እንደ ንብ ቀፎ ትጮኻለች። ቅጥያዋን እኔ ልበይዳት ብዬ ጆሮውን ለመንኩት። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። ፈቀደልኝ፤ ትንፋሼን ይዤ በትንሿ መበየጃ አያያዝኳት። ብሪጁን በላይዋ አስቀምጠን አራቱን ብሎኖች አጠበቅናቸው።

ልኬቱን እህትህና እኔ ቤት ሠራነው። እሷ ክሩን ባዶውን ትመታለች፣ ከዚያ አሥራ ሁለተኛው ላይ ይዛ ትመታለች፤ የመቃኛ መሣሪያዋ መብራት ወዲህ ወዲያ ስትል እኔ ካቻቢቴዋን ሩብ ዙር አዞራለሁ። እንደገና። አሁንም እንደገና። ከሰዓቱን ሙሉ አንድ ድምፅ። እናትህ ከጓዳ ብቅ ብላ «ቆጣሪውን ላጥፋው ወይ?» አለችኝ። ካቻቢቴዋን ሌላ ሩብ ዙር አዞርኩ። ስንጨርስ ስድስቱ ብረቶች አንዱ ወደፊት አንዱ ወደኋላ ሆነው ቆሙ፤ አሁን መዛነፋቸው ለዓይኔ ያምራል።

ጆሮው ውታፎቹን ቀይ ቀለም ልቀባቸው፣ አይለዩም ብሎኝ ነበር። በመጀመሪያ እሺ ብዬው ነበር። ኋላ ግን ሁለተኛ ውሸት ሆነብኝና ተዋቸው አልኩት። ከብሪጁ አጠገብ ሁለት ክብ ነጠብጣብ ታያለህ። የኔ ናቸው።

እንግዲህ የምለምንህ ይህን ነው። የአዳራሹ ቀን ለኔ አዝነህ እንዳትይዛት። ቀድመህ በጆሮህ ፈትሻት። ከጎደለች የሰው ጊታር ተዋስና ተጫወት፤ ስድስት ዓመት የጠበቅከው ቀን በኔ እጅ አይበላሽ። መጉደሏን ደግሞ በእናትህ በኩል ሳይሆን ለራሴ ንገረኝ። አልቆጣም አልልህም፣ እቆጣ ይሆናል፤ ስልኩን ግን አልዘጋም።

እህትህ እዚህ ላይ ይቅርታ የሚለውን ከራሷ ጨምራ ልትጽፍልኝ ነበር። አይሆንም አልኳት፤ የኔን ቃል ሌላ ሰው አይልልኝም። እስኪወጣልኝ ብዕሯን ይዛ ጠበቀችኝ። ልጄ፣ ለጊታርህ፣ ላጠፋሁብህ መብራት፣ ሥራ ፈት ላልኩህም ቃል ይቅር በለኝ።

እናትህ ዓይን ዓይንህን ትስምሃለች፤ የላከችልህ ሹራብ ሳጥኑ ውስጥ ጊታሯን ታቅፏል፣ አውጥተህ ልበሰው። እህትህ ጸጉርህን ተቆረጥ ትልሃለች፤ ፎቶህን አይታ ነው። ጆሮውም ሳያውቅህ ሰላም ብሎሃል፤ በድሮው ብሪጅ ላይ ብረቶቹን አቁመህባቸው የነበሩትን የዝገት ምልክቶች አይቶ «ልጅህ ባለሙያ ነው» አለኝ። ይህን አልጨመርኩበትም።

አባትህ፤
ከብየዳ ቤታችን ጀርባ ካለችው ክፍል፣
ቅዳሜ፣ መጋቢት ፲፬ ቀን።