ጎማ የተከመረበት ቤት

አዳማ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም፣ አባባ። ጤናዎ እንዴት ነው? ብርዱ ጉልበትዎ ላይ አልጠናብዎትም? ሱሃይላስ? ያቺ ቀበጥ ልጄ አሁንም የእርስዎ ጋቢ ውስጥ ገብታ ነው የምትተኛው? አባቷ ከሞተ ወዲህ ከእኔ ተለይታ አታውቅም ነበር። እኔ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። በስልክ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳይሉ። ሰሞኑን ስደውል ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ ስልኩን ለልጅቷ ይሰጡብኛል። ደብዳቤ ግን ለሱሃይላ ማቀበል አይችሉም፤ ገና ፊደል አልቆጠረችም። እናንተ ጋ ደራ ለሚመላለሰው ሚኒባስ ሾፌር ለጂብሪል የሰጠሁት ለዚህ ነው።

የቤቱን ነገር ልንገርዎ። ጋሽ ጀቤሳ ሲቀጥረኝ እሰጥሻለሁ ያለኝ ቤት እውነትም አለ። ከምሠራበት የትራንዚት ቢሮ ጀርባ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ እንዳለው ሁለት ክፍል ነው። መስኮቱ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው። ውስጡ ግን የከባድ መኪና ጎማ እስከ ጣሪያው ተከምሮበታል። መጀመሪያ “ጎማው ይነሣል” አለኝ። ቀጥሎ “መጋዘን እስክንከራይ ታገሺ” አለኝ። አሁን ስጠይቀው ወደ ስልኩ ያቀረቅራል። ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ እኔ ሄጄ በመስኮቱ አያለሁ። የሱሃይላን አልጋ የት እንደማደርገው ሁሉ ወስኛለሁ። ያየኝ ሰው ጎማ ልትሰርቅ ነው ሳይል አይቀርም።

የምኖረው ትህትና ከምትባል የሆቴል ሠራተኛ ጋር በአንድ ክፍል ነው። ደግ ልጅ ናት፤ ግን እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። እራቴን ብቻዬን እበላለሁ። “ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል” ይሉን ነበር፤ ምን ላድርግ፣ የሚጋራኝ ጠፋ። ሕክምናውም እንዲሁ ቀረ። የሱሃይላን ጆሮ ያክማል የተባለው ክሊኒክ ስማችንን አያውቀውም። ከፋኝ፣ አባባ። ልጄ ናፈቀችኝ።

ጋሽ ጀቤሳ ቤታችን የመጣ ዕለት ከእርስዎ ጋር ከአንድ ትሪ በላ። “ልጅሽን ይዘሽ የምትኖሪበት ቤት እሰጥሻለሁ። ሕክምናችሁም በእኔ ነው” አለኝ። የአሰላውን ቋሚ ሥራዬን የለቀቅኩት ይህን ቃል ይዤ ነው። “ጋሼ፣ በወረቀት ብናደርገው” ልል አፌን ስከፍት እርስዎ ቀና ብለው አዩኝ። ገባኝ። ሰውዬው እጁን እንኳ ሳይታጠብ ፈርም ይባላል? ዱዓ አደረጉ፣ አሚን አልን፣ ነገሩ አለቀ። አልወቅስዎትም። በእኛ ቤት እንግዳ ይበላል እንጂ አይፈርምም።

ባለፈው ሳምንት አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። ባለሙያዋ ውልሽን አምጪ ስትለኝ የለኝም አልኳት። ታባርረኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ “የቃል ውልም ውል ነው። ሲናገር የሰማ ሰው አለ?” አለችኝ። “አባቴ” አልኳት። ምን ያህል ኮርቼ እንዳልኩት ቢያዩ።

ጋሽ ጀቤሳ መጥሪያው ሲደርሰው ቢሮው አስጠራኝ። አልተቆጣም። “ዋፊቃ፣ አባትሽን ደውዬ ጠየቅሁት እኮ። እንዲህ ያለ ነገር አላስታውስም ነው ያለኝ” አለ። “ውሸት ነው” አልኩት። ታላቅ ሰው ፊት እንዲህ ብዬ አላውቅም። አባቴ ከሠላሳ ዓመት በፊት የሸጣትን ላም ቀለም የሚያስታውስ ሰው ነው አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ የለም። ጠዋት ጠዋት “አከም ቡልቴ” ብሎ እንዴት እንዳደርኩ ሳይጠይቀኝ የማያልፈው ባልደረባዬ ኦሊቃ እንኳ አሁን አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

ሽንኩርትዎን ገበያ የሚያደርስልዎ የእሱ መኪና እንደሆነ አውቃለሁ። የልጅነት ጓደኛዎ መሆኑንም አውቃለሁ። ከእርስዎ የምፈልገው እኔን እንዲደግፉ አይደለም፤ የሰሙትን እንዲናገሩ ብቻ ነው።

ምስክር የሚሰማበት ቀጠሮ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የደራ መኪና የሚያወርድበት ቦታ በማለዳ መጥቼ እቆማለሁ። ከመጡ ሱሃይላንም ይዘዋት ይምጡ፤ ቤቱን በመስኮት አሳያታለሁ። ከቀሩም አልቀየምዎትም። ግን አባባ፣ ረሳሁ አይበሉኝ። አፈርኩ ይበሉኝ። እሱን አምንዎታለሁ፤ ያን ዕለት እኔም ዝም ያልኩት አፍሬ ነው።

አላህ ጤናዎን አይንሳብኝ፤ ጥላዎን ከላያችን አያንሳው። ሱሃይላን ጆሮዋን ሸፍነው ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ዋፊቃ

ጂብሪል የፊተኛውን ወንበር እንዲይዝልዎ ነግሬዋለሁ። ሳይመጡ አልነሣም ብሎኛል።