ሐሙስ ስለ ደረሰዎት ወረቀት

ለተከበሩ የካሌታ ሮብሌ ከተማ ከንቲባ፣ ለዶን ሊሳንድሮ ኦያርሶ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የባሕርዎን ቸርነት የቀመስን እንግዶችዎ፣ በእግዚአብሔር ፈቃድና በመተንፈሻ መሣሪያ እርዳታ በሕይወት አለን።

ስሜ ኤሌውቴሪዮ ማንሲያ ይባላል፤ ከተራራው ሥር ባለች ከተማ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ባለቤቴ ኖልፋና እኔ የጋብቻችንን ሃያ አምስተኛ ዓመት ለማክበር ምድጃችንን ለሁለት ቀን አጥፍተን ወደ ባሕር ምግብ በዓልዎ የመጣነው፣ በበዓሉ ማስታወቂያ ላይ ከፎቶግራፍዎ ሥር የተጻፈውን «ባሕራችን ንጹሕ፣ ማዕዳችን ሙሉ» የሚል ቃል አምነን ነው። ስለ አቀባበልዎ ያለኝን ምስጋና በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዝምታዎ። ዓሣ አጥማጆች ቀይ ማዕበል የሚሉት መርዝ ወደ ባሕሩ እንደ ገባ፣ በዛጎል ውስጥ የሚኖረው የባሕር እንስሳ ቢበስልም መርዙ እንደማይለቀው የሚገልጸው የላቦራቶሪ ደብዳቤ ሐሙስ ጠዋት ማኅተምዎ አርፎበታል። እኛ የደረስነው ቅዳሜ ነው። ማስጠንቀቂያ አልለጠፉም ብዬ አላማዎትም። ለጥፈዋል፤ ለበዓሉ በተዘጋው ማዘጋጃ ቤት፣ በበሩ በስተ ውስጥ በኩል።

ሁለተኛ፣ ስለ ምሳው። ዶኛ ኤዴልሚራ የምትባል ምግብ አብሳይ ጓሮዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራ፣ በጋለ ድንጋይ ላይ ዛጎል፣ ድንችና የአሳማ ሥጋ ደርድራ፣ በሰፋፊ ቅጠል ሸፍና ያበሰለችውን ኩራንቶ አቀረበችልን። የፖም ጠጅ ጠጣን። ኖልፋ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ዛጎል አይስማማኝም፤ የአሳማ ሥጋውን አንሥቼ የቀረውን ወደ እሷ ሳህን ገለበጥኩት።

«በቃኝ፣ አንተ ሰውዬ፤ ቀሚሴ ሊቀደድ ነው» አለችኝ።

«ለእኔ ስትይ» አልኳት። በላች።

ክቡርነትዎ፣ ይህችን ቃል እርስዎን ለመክሰስ አልጻፍኳትም። የራሴ ናት፤ አብራኝ ትተኛለች፣ አብራኝ ትነሣለች።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከንፈሯ ደነዘዘ፤ ቀጥሎ ጣቶቿ። «ኤሌ፣ እጄ አይታወቀኝም» አለች፤ ከዚያ በኋላ ምላሷም እምቢ አላት።

ሦስተኛ፣ ስለ አምቡላንሱ። የከተማዋ ብቸኛ አምቡላንስ በአበባ አጊጦ፣ በበዓሉ ሰልፍ ላይ ከእርስዎ መኪና ኋላ ይከተል ስለ ነበር ልናስቸግርዎ አልደፈርንም። አንድ ዓሣ አጥማጅ በዓሣ መጫኛ መኪናው አርባ ደቂቃ ነዳልን። እኔ በእርጥብ ሣጥኖች መካከል ተንበርክኬ በአፏ እስትንፋሴን ስሰጣት ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ መሣሪያ ተረከበኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉም ተነፈሰላት።

ከዚያው ጉድጓድ የዶኛ ኤዴልሚራ እናትም በልተው ነበር። መኪናው ተመልሶ እሳቸውን እስኪያመጣ ድረስ ግን እስትንፋሳቸው አልጠበቀም። ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ እጄን ያዘችና «ወንድሜ፣ ባውቅ ኖሮ እናቴን አበላት ነበር?» አለችኝ። መልሱ በመሳቢያዎ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ስጦታው። ረቡዕ ዕለት ጸሐፊዎ አንድ ቅርጫት ፍራፍሬ፣ ለመጪው ዓመት የሁለት ሌሊት የእንግዳ ቤት ግብዣና አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ ሕመሙ የመጣው ከአብሳይዋ ንጽሕና ጉድለት መሆኑን እንድንመሰክር ይጠይቃል። የሴትዮዋ ማእድ ቤት ቀድሞ ታሽጓል። ኖልፋ እስክሪብቶ መጨበጥ ገና አልቻለችም፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ በደከመ ድምፅ እንዲህ አለች፦

«ሴትዮዋ እናቷን ቀብራለች። ስሟን ደግሞ እኛ እንቅበርባት?»

ጸሐፊዎ ቅርጫቱን ትቶ ወጣ። እኛም ዐርብ ዕለት ምስክርነታችንን፣ ላቦራቶሪው ከሰጠን የደብዳቤው ቅጂ ጋር፣ ለዐቃቤ ሕግ አስረከብን። ስለዚህ ጊዜ ሳያልፍብዎ የዶኛ ኤዴልሚራን በር እሽግ በገዛ እጅዎ እንዲያነሡ፣ በዓሉን በከፈቱበት ድምፅ ማጉያም ሐሙስ ምን ያውቁ እንደ ነበር ለሕዝቡ እንዲነግሩ በትሕትና አሳስባለሁ።

ማዕድዎ የማያስፈራ፣ እንቅልፍዎም የሚያስቀና ይሁንልዎ፤

ከበዓልዎ ተርፎ የተመለሰ እንግዳዎ፣
ኤሌውቴሪዮ ማንሲያ

ማስታወሻ፦ ለቀብሩ የላኩት የአበባ ጉንጉን ደርሷል። በሪባኑ ላይ የእርስዎ ስም ከነማዕረጉ በወርቅ ቀለም ተጽፏል፤ የሟቿ ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ ግን «ለውድ ነዋሪያችን» ይላል። ስማቸው ኦርፊሊያ ነበር።