አዝዬ ያላሳደግኳት ልጅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሶዶ

ዛሬ ቀጠሮዬ ነበር። ሐኪሙ የጀርባዬን ጠባሳ አየና «ከእንግዲህ ቀለል ያለ ነገር ማንሳት ትችያለሽ» አለኝ። ስንት ዓመት ብርድ ነው፣ ኩላሊት ነው ሲባል የኖረው የወገቤ ሕመም፣ ለካ አከርካሪዬ ውስጥ ነርቭ ላይ የተጫነ፣ ብዙ ሰው ላይ የማይታይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነበር። በቀዶ ሕክምና ከወጣልኝ ወዲህ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ራሴ አስራለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ቤት እንደገባሁ ማዘያዬን አወጣሁ። ልጄ ምሕረት ስትወለድ የተሰጠኝ ነው፤ ከታጠፈበት ተዘርግቶ አያውቅም። እሷን አዝላ ያሳደገቻት አሁን ቤሌ ከተማ አግብታ የምትኖረው እህቴ ናት።

«ነይ እስቲ ላዝልሽ» አልኳት።

ሳቀችብኝ። «እማዬ ደግሞ! የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይታዘላል?»

እኔም እልህ ይዞኝ የጎረቤታችንን ጨቅላ ተቀብዬ ጀርባዬ ላይ አደረግኩት። ግን ማዘያውን በየት በኩል አዙሬ እንደማስረው ጠፋኝ። ምሕረት መጥታ አጥብቃ አሰረችልኝ።

«ማን አሳየሽ?»

«አክስቴ ናታ! እሷ ጀርባ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት።»

ሕፃኑ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ወገቤን ምንም አላመመኝም።