አበባ ላይ ያለ አክሲዮን

ለምወድህ ወንድሜ ለሕዝቅያስ፣

«አክሲዮኑን ገዛሽው ወይስ ተውሽው?» ይህን ወረቀት ስትዘረጋ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንን እንደሆነ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሠኝ። ሰላምታዬን ሳላደርስ ወደ ገበያ ወሬ ከገባሁ እማዬ አትለቀኝም፤ አጠገቤ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች «ጤናውን ጠየቅሽው?» እያለች ነው።

እንዴት ሰነበትክ፣ ወንድም ዓለም? ያ ሳልህ ለቀቀህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? በሰው አገር ሱቅህን የከፈትክበት፣ ሎኬሽን የምትሉት የድሆች ሰፈር ሰላም ነው? ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍልህ ብርድ እንደምታስገባ ነግረኸኝ ነበር፤ መስኮቷን አሠራሃት ወይስ አሁንም በካርቶን ነው የምትከልላት? እኛ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ዳመና ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረን ነበር፤ ሰሞኑን ግን እሱም ዝም ብሏል። ዝናብ የለም።

በቴሌግራም መጻፍ ስችል ወረቀት ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። በስልክ ስናወራ አንተ ደስ ብሎህ ስለ አክሲዮንህ ስትነግረኝ አፌ ይያዛል፤ ደስታህን መስበር ይከብደኛል። የጎረቤታችን የእማዋይሽ ልጅ ጌታሁን ወደ እናንተ ሊመጣ ሻንጣውን እያሰናዳ ስለሆነ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። ሱቅ ዘግተህ ቀስ ብለህ አንብበው።

ቡናችን አብቧል። ሸኮ መንገድ ላይ ያለው ማሳችን አንድ ማለዳ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ጉሙ ገና አልተነሣም ነበርና አበባው የት እንደሚያልቅ፣ ጉሙ የት እንደሚጀምር መለየት አልቻልኩም። ያመጣኝ ባለ ሞተር እንኳ ሽታው ሲደርሰው ፍጥነቱን ቀንሶ «እዚህ ሰርግ አለ እንዴ?» አለኝ። ከዋንዛው ሥር ቆሜ ዐይኔን ስጨፍን ያ የተነጋገርንበት ቤት ታየኝ፤ ሚዛን አስፋልቱ ዳር፣ ሰፊ በር ያለው፣ ከውስጥ የቡና መቁያው ማሽን ድምፅ የሚሰማበት፣ አንተ በሩ ላይ ቆመህ ከሰው ጋር የምትስቅበት። የዘንድሮው ምርት ለዚያ ቤት መነሻ፣ የአንተ ቁጠባ ደግሞ ለማሽኑና ለመምጫህ እንዲሆን ተስማምተን ነበር። እኔ ከዚያ ወዲህ ሳልቆጥር የዋልኩበት ቀን የለም፤ የምትመጣበትን ቀን ማለቴ ነው።

ታዲያ ልክ አበባው ሲፈነዳ እነዚያ አክሲዮን ሻጮች አማን ገቡ። ድርጅቱ «ንቁ ዐይን» ይባላል፤ በምሥረታ ላይ ያለ አክሲዮን ማኅበር ነው። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሰው በመስኮት ይመለከት ነበር። በትልቁ መጋረጃ ላይ ቀይ እሸት ቡና ያሳያሉ፣ በየፍሬው ዙሪያ አረንጓዴ አራት ማዕዘን ብልጭ ይላል፣ ኤአይ የሚሉት ማሽን ፍሬውን አይቶ ደረጃውንና ዋጋውን ይናገራል አሉን። ገበሬው ነጋዴ ሳይለምን፣ ስልኩን ቡናው ላይ ደግኖ ዋጋውን ያውቃል። ያስረዳን አብሮኝ የተመረቀው ካሊድ ነበር፤ ሱፍ ለብሶ ሳየው መጀመሪያ አላወቅሁትም። «አልጎሪዝም» ባለ ቁጥር አዳራሹ ያጨበጭባል። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ መምህር ይህ ያመለጠውን ሰው ልጆቹ ይታዘቡታል ሲሉ ሰማሁ። ልቤ ዘለለ። ከተመረቅሁ ወዲህ የማስታወቂያ ሰሌዳ ከማንበብ ሌላ ሥራ እንደሌለኝ ታውቃለህ፤ እዚያ ግን ዓለም ራሱ እኔን ፍለጋ አማን ድረስ የመጣ መሰለኝ። ስሜን አስመዘገብኩ።

ወዲያው ስደውልልህ አንተም የባስክ ሆነህ አገኘሁህ። በስልክህ የውጭ ድርጅቶች አክሲዮን እንደገዛህ፣ በዙሪያህ ያለ ባለ ሱቅ ሁሉ እንደገዛ፣ ስሙ ላይ ኤአይ ያለበት ነገር ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች እንደማያውቅ ነገርከኝ። «እንዳያመልጥሽ» አልከኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ያን ቀን መሬት የረገጥኩ አይመስለኝም፤ ከአማን እስከ ሚዛን ገበያው ድረስ በእግሬ ስመለስ ሱቆቹ፣ ባጃጆቹ፣ ሙዝ ሻጮቹ ሁሉ ከሌላ ዘመን የመጡ መሰሉኝ።

ለእማዬ ማስረዳቱ ግን እንደ አዳራሹ ቀላል አልነበረም። ኤአይ ስላት አልገባትም፤ በአማርኛው «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ሰው ከሠራው ሰውዬውን አሳዪኝ፤ እኔው አስተውለዋለሁ» አለችኝ። እስክንፈርስ ሳቅን። ከሳቋ ስትመለስ ግን እንዲህ አለችኝ፣ «የተማርሽው አንቺ ነሽ። ይሸጥ ካልሽ ይሸጥ።» ይህቺ ቃል ደረቴ ላይ ተቀመጠች።

ይሸጥ ያለችው ቡናውን በአበባ ነው። አባዬ በሕይወት ሳለ እንዴት ይጠላው እንደነበር ታስታውሳለህ፤ ችግር የገባው ሰው ገና ያላፈራውን ቡና ለነጋዴ በርካሽ ይሸጣል፣ ፍሬው ሲቀላ ነጋዴው መጥቶ ለቅሞ ይወስዳል፣ ባለ ማሳው በገዛ አጥሩ ቆሞ ያያል። እኛ ችግር አልገባንም ነበር፤ እኔ ነኝ የቸኮልኩት። የአክሲዮኑ ሽያጭ ከመዘጋቱ በፊት ብር ማግኛ ሌላ መንገድ አላየሁም። ሐጂ አባቢያን አስጠራን፤ የጓደኛዬ የሳፊያ አባት ናቸው፤ በዚህ አካባቢ አበባ ከሚገዙት መካከል ደህና ዋጋ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው።

ሐጂ ከመጡ በኋላ ስለ ዋጋ ለመነጋገር እንኳ አልተቀመጡም። ኮታቸውን አውልቀው በቀጥታ ወደ ማሳው ገቡ። «እትዬ ሸዋነሽ፣ አበባዎ ሙሽራ መስሏል፤ እኔ ግን ሙሽራዋን ሳይሆን የምትወልደውን ነው የምገዛው» አሏት። እማዬም ልጁን ሳይወለድ ሊወስዱት የመጡ ሰው እንዲህ መኩራት አያምርባቸውም ብላ መለሰችላቸው። ሳቁ፤ መጠየቃቸውን ግን አላቆሙም። አበባው ከፈነዳ ወዲህ ዝናብ ጠብ ብሏል? አምና በየትኛው በኩል አፈራ? ታች ያለው ቅጠል ለምን ቢጫ ሆነ? ለቃሚ ከየት ታገኛላችሁ? ቅጠሉን ገልብጠው ሥሩን ያያሉ፣ ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርገው አበባውን በጣታቸው ፈትገው ያሸታሉ። ተናደድኩ። የጠረጠሩን መሰለኝና ለእያንዳንዱ ጥያቄ በቁጣ መለስኩላቸው።

ስለ ዝናቡ እየመለስኩ ሳለሁ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሕዝቅያስ፣ እሳቸው ለአንዲት ቁራሽ ማሳ ይህን ሁሉ ሲጠይቁ እኔ በዚያ አዳራሽ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅሁም። እዚያ አበባ ገዢዋ እኔ ነበርኩ። በምሥረታ ላይ ያለ ድርጅት እኮ አበባ ነው። አበባ መሆኑ ነውር የለውም፤ ያላበበ ነገር አያፈራም። እኔ ግን ዛፉን ሳላይ በፍሬ ዋጋ ልገዛው ነበር፤ ያውም በምን? የራሳችንን አበባ ሸጬ።

ሐጂን ትንሽ እንዲታገሡኝ ለምኜ በነጋታው አማን ሄድኩ። ካሊድ መድኃኒት ቤቱ አጠገብ በተከራዩት ቢሮ ተቀምጦ ነበር። የሐጂን ጥያቄዎች ለእሱ ገለበጥኩለት። ማሽኑ የት ነው ያለው? የማንን ቡና አይቶ ነው የተማረው? ለአገልግሎቱ እስካሁን ብር የከፈለ ሰው አለ? መጀመሪያ በአዳራሹ ቃል መለሰልኝ። ደግሜ ስጠይቀው ተነሥቶ በሩን ገርበብ አደረገና ሳቀ፤ የድሮው ካሊድ ተመለሰ። አምና እነዚሁ ሰዎች ለቡና ማጠቢያ ጣቢያ አክሲዮን ሊሸጡ መጥተው ወንበሩ ባዶ እንደቀረባቸው፣ ዘንድሮ ስሙ ላይ ኤአይ ሲጨምሩበት አዳራሹ እንደጠበበ ነገረኝ። ማጠቢያ ጣቢያው እንኳ ውኃና ሲሚንቶ ነበረው፤ ሰው በዐይኑ የሚያውቀው ነገር ነው። የሚያውቀውን ትቶ ወደማያውቀው ሮጠ፤ ከፊት የሮጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

«ምሕረት፣ እኔም ማሽኑን አላየሁትም» አለኝ። «ሰው ግን እኔን እያየ ነው የሚገዛው።»

አልተቀየምኩትም። በቤታቸው ደሞዝ ያመጣ የመጀመሪያው ልጅ እሱ ነው። ሰዎቹም ሌቦች ናቸው አልልህም፤ ምናልባት ያፈሩ ይሆናል፤ ያኔ ፍሬውን አይቼ በውድ ብገዛም አይቆጨኝም። ስሜን አሰርዤ ወጣሁ።

ለሐጂ አንሸጥም ስንላቸው ኮታቸውን ለብሰው፣ ዝናቡ ከቀረ እኔ ዘንድ መጥታችሁ እንዳታለቅሱ አሉን። እማዬ «ማልቀስ ካለብን ቤታችን እናለቅሳለን» አለች። እሳቸው ሄደው ብቻችንን ስንቀር ግን ማሳው ውስጥ ብዙ ቆየች። እውነቱን ልንገርህ፣ እፈራለሁ። ይህን ስጽፍልህ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቷል። ዝናብ ካልደረሰለት አበባው ደርቆ ይረግፋል፤ ያኔ አክሲዮንም ብርም ቡናም የለንም፤ እምቢ ያልኩትም እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ ሳልወርድ ጆሮዬን ወደ ቆርቆሮው አቀናለሁ።

ኤአይን ጠላሁት እንዳትል ደግሞ። ከሳፊያ ጋር በስልካችን የቡና ቅጠል ፎቶ እያነሣን የታመመውን ከጤነኛው እንዲለይ ልናስተምረው እየሞከርን ነው። ለጊዜው ጅል ነው፤ የእማዬን አረንጓዴ ሻሽ የታመመ ቅጠል ብሎብናል፤ እማዬም ሳትቀየመው አልቀረችም። ግን አንዳንዴ ልክ ሲሆን ሁለታችንም ማሳው መሐል እንጮኻለን፤ ከዚያ እኔ ሩቅ አያለሁ፤ ከቴፒ እስከ ማሻ ያለ ገበሬ ስልኩን አውጥቶ ቅጠል ሲገልጥ ይታየኛል። ማለሙን አልተውኩም፤ የምተውም አይመስለኝም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። የገዛሃቸውን ድርጅቶች አላውቃቸውም፤ ሽጣቸው ማለት ድፍረት ይሆንብኛል። አንዳንዱ እውነተኛ ነገር እየሠራ ይሆናል። ስልክህ ላይ የምታየው የዋጋ መስመር ሽቅብ መውጣትና የጎረቤትህ መግዛት ግን ለእኔ መልስ አልሆነኝም። ያ ብር በየቀኑ በር ዘግተህ፣ ፈርተህ፣ ተርበህ ያጠራቀምከው መምጫህ ነው። ዋጋው ቢወርድ መስመሩ ብቻ አይደለም የሚወርደው፤ አንተ ደግሞ ሌላ ዓመት ትቀርብናለህ።

እማዬ ጉንጭህን ስማ በጾሙ በባዶ ሆድ ከባድ ዕቃ እንዳታነሣ ትልሃለች። ታናሻችን ይትባረክ ድምፁ ጎርንኖ አንተን መስሏል፤ ስልክ ሲያነሣ ሰው «ሕዝቅያስ መጣ እንዴ?» ይላል፤ ጫማ እንዳትረሳበት አደራ ብሏል። ሳፊያ ሰላም ብላሃለች፤ አባቷም አኩርፈው እንኳ ያ ልጅ እንዴት ነው ብለው ጠይቀውሃል። ለሱቅ ባልደረቦችህ ሁሉ የእኛን ሰላምታ አድርስልን።

አደራህን፣ መልሱን ጌታሁን እዚያ ከደረሰ በኋላ በሚመለስ ሰው እጅ በወረቀት ላክልኝ። ከገዛሃቸው መካከል አንዱን ምረጥና ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚከፍለው፣ አንተስ ለምን እንደመረጥከው ጻፍልኝ፤ ከቴሌግራም ሳትገለብጥ፣ ለእማዬ እንደምታስረዳ አድርገህ። ቃል ካጠረህ ግን እሱን ተወውና የምትመጣበትን ወር ብቻ ጻፍልኝ።

እህትህ ምሕረት

ሚዛን አማን
የካቲት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.