የአባዬ መኪና ኮንቴይነር ውስጥ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ቀኑን ሙሉ ቤት ሆኜ ሥራ። የደንበኛው ሲስተም ወደቀ፣ አነሳሁት፣ ደግሞ ወደቀ። አባዬ እንደ ወትሮው መስኮቱ ጋ ተቀምጦ፣ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመችውን የጭነት መኪናውን ሲያይ ዋለ።

"ሻይ ላምጣልህ?"

"እንዳላችሁ።"

እነማን ነን እኛ? ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ! ወንድሜ፣ ታላቄ፣ የመኪናውን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ ከወሰደበት ቀን ጀምሮ ለሁሉም ነገር መልሱ ይሄው ነው። ምሳ? እንዳላችሁ። ሐኪም ቤት? እንዳላችሁ። ዕድሜ ልኩን መንገድ ላይ እየተሳደበ የኖረ ሹፌር... ስድቡ እንኳ ናፈቀኝ።

ዓይኑ ደክሟል፣ እሺ። ጎን ጎኑን አያይም፣ ከእንግዲህ መንዳት የለበትም ብሏል ሐኪሙ። የጎረቤትን በር ገጭቷል፣ እሱም እሺ። ግን ሰው ተኝቶ ሳለ ቁልፉ ይወሰድበታል? እኔ ያን ቀን ቢሮ ነበርኩ። ስመለስ ሚስማሩ ባዶውን ቀርቷል። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

አንድ ነገር መጣልኝ። የጭነት መኪና የሚነዳበት ጌም አለ። መሪ፣ ማርሽ፣ ዳገት፣ ቁልቁለት... ጭነት ተቀብለህ ከከተማ ከተማ ታደርሳለህ። ብትገጭ የሚሞት የለም።

ችግሩ ኮምፒውተሩ ነው። ቤት ውስጥ ይሄን ጌም የሚችለው የመሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ ከሥራ ውጪ ምንም መጫን ክልክል። የኮምፒውተሮቻችንን ደህንነት ለሚጠብቀው ልጅ ደወልኩለት። ጉምሩክ ነው የምንለው፣ ሳይፈትሽ የሚያሳልፈው ነገር የለም።

"ማሽኑ ላይ እንዳትጭኚ።"

"ኮንቴይነር ውስጥስ?"

አሰበበት። "ኮንቴይነር ውስጥ ከሆነ ማሽኑን አይነካም። ከሥራ ሰዓት ውጪ ከሆነ እኔ የምለው የለኝም።"

ኮንቴይነር ደግሞ ሙያዬ! አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር አጥር አጥሮ ለብቻው ማስቀመጥ። ሲፈለግ ይነሳል፣ ሳይፈለግ ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ዱካ አይተውም። ቅዳሜ እጀምራለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ጨጓራዬ ተላጠ።

ጌሙ የሚወርደውም የሚከፈተውም በአንድ ፕሮግራም ነው። ይሄ ጉደኛ ፕሮግራም ኮንቴይነር ውስጥ አልቀመጥም አለ። መጀመሪያ ስክሪን የለም አለ። አሳየሁት። ግራፊክስ ካርድ የለም አለ። ሰጠሁት። ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም ውስጥና ውጪ አይመሳሰልም አለ። አመሳሰልኩ። ተከፈተ... ጥቁር መስኮት! ጥቁር፣ ድፍን! የተመደበለት ሜሞሪ አንሶት ኖሯል። ጨመርኩለት። አሁን ደግሞ ድምፅ የለም። እንግዳ እንኳ ይሄን ያህል አያማርጥም።

ሞተሩ የማይሰማ መኪና ለአባዬ ምን ያደርግለታል? ማርሽ የሚቀይረው በጆሮው ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ድምፁ መጣ። ከጓደኛዬ የተዋስኩት መሪ ከነፔዳሉ ጠረጴዛው ላይ ታስሯል። ኮምፒውተሩ መሪውን ያየዋል፣ ኮንቴይነሩ አያየውም። ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። አባዬ ከመስኮቱ ዞር አለ።

"ምንድነው የምትደበድቢው?"

ጠየቀኝ! ራሱ ጀምሮ ጠየቀኝ።

"ኮንቴይነር ነው አባዬ። አልከፈት አለኝ።"

"እኔም ስንቱን ጭኛለሁ፤ በቡጢ የተከፈተ ግን አላየሁም።"

ከምሳ በኋላ መሪው ለኮንቴይነሩ ታየው። ምን እንዳደረግኩ እንጃ... ጽፌዋለሁ መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሥራ እንደጨረስኩ ወንበሬ ላይ አስቀመጥኩት። መሪውን በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገው፣ የሰው ዕቃ እንደሚነካ ሰው።

"ይሄ የልጆች አይደለም?"

"ሞክረዋ።"

ሞተሩ ተነሳ። ጀርባው ቀና አለ። ከጋራዡ ሲወጣ ግድግዳ ላሰ፣ "ይሄን በር የሠራው ማን ደደብ ነው!" አለ። ወጥ ቤት ገብቼ ብቻዬን ሳቅኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ታላቄ መጣ። አባዬ እየነዳ ነው። ታላቄ በሩ ላይ ቆሞ አፉን ያዘ።

"አባታችንን ጌም አስለመድሽው? የልጅ ልጆቹ ቢያዩት ምን ይላሉ?"

"ተራ ስጠን ይላሉ።"

"አንቺ ሁሉ ነገር ቀልድ ነው የሚመስልሽ።"

"አንተ ደግሞ ሁሉ ነገር ቁልፍ!"

"ለደህንነቱ ብዬ ነው!"

ለደህንነቱ! ይቅርታ ቢጠይቀው ምን ይጎድልበታል? ምላሱ ይወልቃል? አባዬ ሁሉንም ሰምቷል። ዞር አላለም፣ ቁልቁለት ላይ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

አባዬ የራሱን መኪና ገዛ። ጌሙ ውስጥ ማለቴ ነው። እስካሁን ተቀጥሮ ነበር የሚነዳው። ሰማያዊ ቀለም አስቀባት፣ ልክ ግቢ ውስጥ እንዳለችው። "እንግዲህ የማንም ተቀጣሪ አይደለሁም" አለ። ራቱንም ሳልጨቀጭቀው በላ።

አርብ፣ ጥቅምት 29

ከባድ ቀን። ኮምፒውተሩ አዘገመብኝ፣ የማያስፈልገውን ሁሉ አቆምኩ። እንደ አርብ ልማዴ ጠራርጌ ዘጋሁ። ሱቅ ደርሼ እስክመለስ ታላቄ አባዬ ጋ ተቀምጦ ነበር። ሳልሰድበው ሸኘሁት፣ ይሄም አንድ ነገር ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ጠፋች!

አባዬ ተቀመጠ፣ ከፈትኩለት። "አዲስ ሹፌር፣ ስምዎን ያስገቡ" ይላል። ባዶ ጋራዥ። የነዳው መንገድ፣ ያደረሰው ጭነት፣ ሰማያዊዋ መኪና... ምንም!

"የት አለች?" አለ። ስክሪኑን በመዳፉ ጠረግ ጠረግ አደረገ፣ አቧራ የሸፈናት ይመስል።

ታላቄ ጋ ደወልኩ። "ምኑን ነካካህበት? ቁልፉ አልበቃህም?"

"እኔ ኮምፒውተሩ አጠገብ አልደረስኩም!"

"ውሸታም!" ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

አባዬ ወደ መስኮቱ ተመለሰ። "አገኛታለሁ አባዬ፣ እመልሳታለሁ" አልኩት።

"እንዳላችሁ።"

እሑድ፣ ኅዳር 1

እኔ ነኝ።

ኮምፒውተሩ የጻፍኩትን ትእዛዝ ሁሉ ያስታውሳል። አርብ ከሰዓት፦ የቆሙትን ኮንቴይነሮች በሙሉ አጥፋ። በየሳምንቱ የማደርገው ነው፣ እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ይጽፈዋል። የአባዬን ኮንቴይነር ሌላ ጊዜ እየሠራ ነበር የምተወው። አርብ ግን ኮምፒውተሩ ሲያዘግም አቆምኩት። የቆመ ደግሞ ተጠራርጎ ይሄዳል።

ትልቁን የጌም ፋይል እንደገና ላለማውረድ ብዬ ከኮንቴይነሩ ውጪ ባለ ፎልደር አስቀምጬዋለሁ። ብልጥ! አባዬ የነዳው የተመዘገበባት ሚጢጢ ፋይል ግን ኮንቴይነሩ ውስጥ ነበረች። ኢንተርኔት ላይ ቅጂ እንዳይቀመጥም ራሴ ነኝ የከለከልኩት፣ መስመሩ ለሥራ እንዲበቃኝ። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! አዲስ ለሚቀጠሩት ይሄን የማስተምር እኔ ነኝ እኮ። "ኮንቴይነር ውስጥ የምትወዱትን ነገር አታስቀምጡ" እያልኩ!

በራሴ እንደተናደድኩት በታላቄም ተናድጄ አላውቅም።

ደወልኩለት። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ስለሰደብኩህ ይቅር በለኝ።"

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። "ነገ መጥቼ አብረን እንንገረው" አለ።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ነገርነው። ሳልጠይቅህ አቆምኩት፣ ሳላይ ጠረግሁት አልኩ። ታላቄ ሊያግዘኝ ፈልጎ፣ "ጌም እኮ ነው አባዬ፣ እንደገና ይጀመራል" አለ። ባይል ይሻለው ነበር።

አባዬ ተነሳ። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ።

"ጌም? ቁልፌን ስትወስድስ ጌም ነበር? ተኝቼ! እንደ ሌባ! ቀስቅሰህ 'ስጠኝ' ብትለኝ እምቢ እልህ ነበር? የዓይኔን መድከም ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ያን በር ስገጭ የደነገጥኩት እኔ አይደለሁም?" ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ደግሞ! አንዲት መኪና አገኘሁ ስል እንደ ጉድፍ ጠርገሽ ጣልሽብኝ! አንዱ ቁልፌን፣ አንዷ መኪናዬን! ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንኳ 'አባዬ፣ አንተ ምን ትላለህ?' ብላችሁኝ ታውቃላችሁ?"

ጎረቤት መስኮት ሲከፈት ሰማሁ። ይሄን ሁሉ ውጦ ነው ለካ "እንዳላችሁ" ሲለን የከረመው። ታላቄ አለቀሰ። ታላቄ! እኔ አላለቀስኩም። ማንን እዋሻለሁ... አልቅሻለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

አዲስ ኮንቴይነር ሠራሁ። ሚጢጢዋ ፋይል አሁን ውጪ ናት፣ ሌላ ቦታም ቅጂ አላት። የአርብ ትእዛዜም ከማጥፋቱ በፊት ስም እየጠራ እንዲጠይቀኝ አደረግሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አባዬ አያናግረኝም። ኩርፊያው ግን የድሮው አይደለም፣ በር እያላተመ ነው የሚዘጋው። ደስ አለኝ ብል ነውር ነው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ታላቄ ቁልፉን ይዞ መጣ። በሁለት እጁ ሰጠው።

"ይቅርታ አባዬ። ያንተ ነው። ምን ትላለህ?"

አባዬ ቁልፉን ይዞ ወጣ። ታላቄ ሊከተለው ሲል ክንዱን ያዝኩት። አባዬ ሸራውን ብቻውን ገፈፈ፣ ገብቶ ተቀመጠ። ሞተሩ አንገራገረ፣ አንገራገረና ተነሳ። የግቢው በር ክፍት ነው። ማርሽ ቢያስገባስ? ማን ያስቆመዋል? አላስገባም። መሪውን ይዞ ሞተሩን ሲሰማ ቆየ። ከዚያ አጠፋው። ወርዶ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ፣ ሸራዋን መልሶ አለበሳት።

ቁልፉን ታላቄ መዳፍ ላይ አኖረው።

"ያን ጊዜ ወስደህብኝ ነው። አሁን እኔ ሰጠሁህ። ይለያያል።"

"ገብቶኛል አባዬ።"

"አልፎ አልፎ አስነሳት፣ ባትሪዋ እንዳይሞት።" ከዚያ ወደ እኔ፣ "አንቺስ ምን ይገትርሻል? ክፈቺልኝ እንጂ!"

ከዜሮ ጀመረ። የሰው መኪና፣ የሰው ጭነት። ታላቄ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀምጧል። "በቀኝ በኩል መኪና አለ አባዬ... በግራ አንዱ እየመጣ ነው..." ጎን ጎኑን ያይለታል። "እሺ ረዳት፣ አትጩህ፣ አይቼዋለሁ!" ይለዋል አባዬ። ሳያየው።

አንገቴን በበሩ አስገባሁ። "ሻይ ላምጣ?"

"አሁን አይሆንም! ዳገት ላይ ነኝ፣ አታናግሪኝ!"

በሩን ዘጋሁላቸውና ሻዩን ለራሴ አፈላሁ።