የስምንት ቁጥሩ ስም

ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ሰመራ፣ ቢሮ። ከሰዓት 9፡30

አሥራ አራት። ጠዋት ልምምድ ላይ ቆጠርኩ፣ አሁንም ከተጫዋች መታወቂያዎቹ፣ ከቴሴራዎቹ ላይ አንዱን ዘልዬ ቆጠርኩ። ያው አሥራ አራት ሰው።

ሜዳው ላይ ድንጋይ ለቀምን፣ ሮጥን፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ተገፋፋን። ሙቀቱ ቀንሷል ይላሉ። አልታወቀኝም። ሰሞኑን ብዙ ነገር አይታወቀኝም፣ አጀንዳዬ።

አዲሷ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ክርኔ ላይ ያለውን ጭረት አይታ ምን ሆነህ ነው አለች። ራግቢ አልኳት። ትልልቅ ሰዎች ኳስ ታቅፈው የሚሯሯጡት ነው? አለች። አዎ፣ እሱ ነው። ደመወዝ የለውም፣ ሽልማት የለውም፤ አምስት ከተሞች ቅዳሜ ቅዳሜ በንጋት ይጋፋሉ። ዓርብ ለጁምዓ፣ እሑድ ለቅዳሴ፣ ስለዚህ ቅዳሜ። ሳቀች። እኔም የምስቅ መሰለኝ።

ያልነገርኳት፦ በሊጉ ደንብ ቴሴራ ያላቸው አሥራ አምስት ተጫዋቾች ይዞ ያልቀረበ ቡድን በፎርፌ ይሸነፋል። ከደገመ ከሊጉ ይሰረዛል። እኛ አንዴ ተቀጥተናል። ሁመድ በሞተበት ሳምንት፤ ከዚያ ወዲህ ጨዋታ አልደረሰንም።

ሁመድ ስምንት ቁጥራችን ነበር። የጂቡቲ መስመር ሹፌር። ከጋላፊ ወዲያ መኪናው ተገለበጠ፤ እዚያው ጂቡቲ ውስጥ፣ ዲኪል፣ በዚያው ቀን ቀበሩት፣ እንደ ሃይማኖቱ ደንብ። ከእኛ ማንም አልደረሰ። ከቤተሰቡም ማንም። ይኸው አራተኛ ሳምንቱ ሊሆን ነው። አላለቀስኩም። ነጠላ እንኳን አላወጣሁም፤ የምሄድበት ቀብር አልነበረም። በማግስቱ ሥራ ገባሁ፣ አርባ ሁለት ደብዳቤ መዘገብኩ።

ከጉዞ ሲመለስ በቢሮአችን በኩል ሲያልፍ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ይነፋ ነበር። ዛሬም የከባድ መኪና ጥሩምባ ስሰማ ቀና አልኩ። ልማድ ነው።

ነገ ወደ አዋሽ እንሄዳለን። ዳዊትን እንወስዳለን፣ የሎጊያ ጋራዥ ሠራተኛ፣ ትከሻው ሰፊ። ቴሴራው አልደረሰም። ዳኛውን እንለምናለን። ካልሰማን አበቃ፤ የአራት ዓመት ቡድን ነው።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። አዋሽ። ጠዋት 4 ሰ.

አሸነፍን። 19 ለ 17።

እንዴት እንደጀመረ ልጻፍ።

ትናንት ገዋኔ ሻይ ለመጠጣት ስንቆም የአሰላለፍ ቅጹን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሞላሁ። ከአንድ እስከ አሥራ አምስት። ባለፈው ዓመት እንደሞላሁት፣ ከዚያ በፊት እንደሞላሁት። ስምንት ቁጥር ላይ ብዕሬ አልቆመም። ሁመድ ዑመር። አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ሰባት ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ አንድ ስም ተሳስቼ አላውቅም። ቴሴራውንም ከእስሩ ውስጥ አላወጣሁትም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አወጣዋለሁ እያልኩ።

በሊጋችን ዳኛው ስም ይጠራል፣ ተጠሪው አቤት ብሎ አንድ እርምጃ ይወጣል። ዳኛው ቴሴራዎቹን ይቆጥራል። ፎቶ አያይም። ፀሐይ ሳትበረታ ማለቅ አለበት።

አሊ፣ አምበላችን፣ ልመናውን አዘጋጅቶ ቆሞ ነበር። አስተማሪ ነው፣ መናገር ያውቃል። ከዚያ ዳኛው ስምንት፣ ሁመድ ዑመር ሲል ሰማሁ።

አሊ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ዳኛው እጅ ላይ ያለውን ወረቀት አየሁ። ጽሑፉ የኔ ነው፣ ደህና ጽሑፍ ነው። ልናገር አፌን ከፈትኩ መሰለኝ።

ዳዊት ነው አቤት ያለው። ከጫፍ፣ ጮክ ብሎ። አንድ እርምጃ ወጣ። ዳኛው ምልክት አደረገ፣ ወደ ዘጠኝ ሄደ።

በኋላ ስጠይቀው፣ እናንተ ተነጋግራችሁ የጨረሳችሁት መስሎኝ ነው አለ። አልፈርድበትም። ሁላችንም ተጫወትን። የመጨረሻዋን ነጥብ ራሱ ዳዊት ነው ኳሱን መሬት አስነክቶ ያስቆጠራት። በሁመድ ቁጥር፣ በሁመድ ስም፣ ሁመድ ከጂቡቲ ባመጣልን ኳስ።

ሜዳው ዳር ግመል ነጋዴዎች ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቆመው ነበር። አፋሮች ራግቢ ይወዳሉ፣ ኩዕሶ ከሚሉት የራሳቸው የእጅ ኳስ ጋር ይመሳሰልባቸዋል። አንዱ ሽማግሌ ስም ሲጠራ ጆሮውን አቅንቶ ሲሰማ አይቼዋለሁ። ያኔ ምንም አላሰብኩም።

ደስ ብሎኛል? ማወቅ አልቻልኩም። ሌሎቹ ጥብስ ይበላሉ። እኔ መኪና ውስጥ ነኝ።


ሰኞ፣ ኅዳር 8። ሰመራ። የምሳ ሰዓት

አሊ ቢሮ ድረስ መጣ። ተወው ጌች አለኝ። ማን ተጎዳ? ሁመድ ራሱ ቢሰማ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር አለ። እውነቱን ነው፣ ይስቅ ነበር። የዳዊት ቴሴራ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደርሳል፣ ከዚያ ነገሩ በራሱ ይዘጋል አለ። እሺ አልኩት። ለሁሉም ነገር እሺ ማለት ቀሎኛል።

አሊ ሲሄድ የሁመድን ቴሴራ አወጣሁ። ፎቶው ላይ ኮስተር ብሏል፣ ፎቶ አንሺው አትሳቅ ስላለው። መሳቢያ ውስጥ የመሰረዣ ቅጽ አለኝ፣ ሦስት መስመር፦ የተጫዋቹ ስም፣ የሚሰረዝበት ምክንያት፣ የጸሐፊው ፊርማ። ስሙን ሞላሁ። ምክንያቱ ላይ ቆምኩ። ከቀትር በኋላ እቀጥላለሁ ብዬ መልሼ አስገባሁት።

አልቀጠልኩም።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከሰዓት 11 ሰ.

አሊ ደወለ። ድምፁ ልክ አልነበረም።

አሳይታ ያለ የአሊ አጎት ነው የነገረው። ሁመድ በሕይወት አለ ይባላል። ቅዳሜ ጠዋት አዋሽ ሜዳ ላይ ስሙ ተጠርቶ አቤት ብሏል፣ ተጫውቷል፣ አሸንፏል። ዳጉው እንደዚህ ነው የሚለው።

ሰባት ዓመት እዚህ ኖሬ ዳጉን አላውቅም አልልም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ አስቀድመው ወሬ ይለዋወጣሉ። ያየኸውን ከሰማኸው ትለያለህ፣ የሰማኸውንም ከማን እንደሰማህ ትጠራለህ። የጨመረ ሰው ከዚያ ወዲያ አይታመንም። ግመል ነጋዴው ምንም አልጨመረም። ስም ሲጠራ ሰምቷል፣ አቤት ሲባል ሰምቷል። ልክ የሆነውን ነው የተናገረው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ በደህና ጽሑፍ።

በአራት ቀን ከአዋሽ አሳይታ። ከአሳይታ አፋምቦ። አፋምቦ የሁመድ አባትና እናት አሉ።

አሊ አባትየው ተነሥተዋል አለኝ። ወደዚህ።

ራቴን በላሁ። ሽሮ ነበር።


ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከሰዓት 10፡30

መጡ። አባ ዑመር። እስከ አሳይታ ግማሹን በእግር፣ ከዚያ በሚኒባስ። ከቢሮአችን ግቢ ኒም ዛፍ ሥር ከአሊ ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁመድ ቢያረጅ የሚመስላቸው። እንደ ባህላቸው እጅ ለእጅ ተሳሳምን።

አስቀድሞ ዳጉ። ዝናቡ፣ ሣሩ፣ አቤ ሐይቅ ዳር ያለው ውሃ፣ የታመመ፣ የወለደች። በተራ፣ ሳይቸኩሉ። አሊ ያስተረጉማል። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ራሳቸው በአማርኛ ጀመሩ። «ሁለት ወሬ ደረሰኝ» አሉ። አንደኛው፣ ልጄ ሞቷል ይላል፤ መቃብሩን ከቆፈረ ሹፌር። ሁለተኛው፣ ልጄ አቤት ብሏል ይላል፤ በጆሮው ከሰማ ሰው። ሁለቱንም ሰዎች አውቃቸዋለሁ፣ ሁለቱም አይዋሹም። እናቱ ትናንት ወተት አስቀመጠችለት። ስለዚህ ልጠይቅ መጣሁ።

ነገርኳቸው። ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እጄ ለምዶ ነው፣ አቤት ያለው ሌላ ሰው ነው። አሊ ወደ አፋርኛ ሲመልሰው ድምፁ ቀጠነ። ሽማግሌው አንድ ነገር ጠየቁ፦ የጻፈው ሰው ልጄ መሞቱን ያውቅ ነበር? አውቅ ነበር አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አቤት ያለውን ሰው ማየት ፈለጉ። ዳዊት ከሎጊያ በባጃጅ መጣ፣ እጁ ግራሶ በግራሶ። መዳፉን መስጠት አፍሮ ክንዱን ዘረጋላቸው። ክንዱን ይዘው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። በል እንደዚያ ቀን በልልኝ አሉት። ዳዊት አየኝ። ምን ልበለው? አቤት አለ፣ ቀስ ብሎ።

«የሱ ድምፅ አይደለም» አሉ አባ ዑመር። ክንዱን ለቀቁት።

ውሃ ሰጠናቸው፣ ጠጡ። አልተቆጡም። ስመለስ መንገድ ላይ የሚጠይቀኝ ሁሉ አለ፣ ለእያንዳንዱ መንገር አለብኝ አሉ። «አንዴ ነግሬ ጨርሼ ነበር።» ከዚያ ደግሞ እናቱ አለች።

ያኔ አፈርኩ። ይህን ሳልሸፋፍን ልጻፈው፦ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ማልቀስ ፈለግኩ፣ አልመጣልኝም። የሰውን ልጅ ሁለት ጊዜ አስቀበርኩ፣ ቆሜ ግን የኒም ቅጠል እያየሁ ነበር።

ሲነሡ የልጃቸው ፎቶ እንዳለን ጠየቁ። ቤታቸው አንድም የለም። ቴሴራውን አወጣሁ። የተሰረዘ ተጫዋች ቴሴራ ለሊጉ ይመለሳል ይላል ደንቡ፣ ቁጥር አለው፣ ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል። ሰጠኋቸው። ከሽርጣቸው መታጠፊያ ውስጥ ከተቱት።

አሊ እስኪሄዱ ጠብቆ ጮኸብኝ። አሁን ሊጉ ቢጠይቀን ምን እናሳያለን አለ። ምንም አልኩት። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ነጥቡ ይመለስ፣ ፎርፌው ይመዝገብብን። እንሰረዛለን አለ። አዎ። የአሥራ አራት ሰው ልፋት ነው፣ ጌች፣ የአንተ እጅ ብቻ አይደለም አለ። እሱም እውነቱን ነው። አልፈርምም ብሎ ሄደ።


ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል። ሰመራ መናኸሪያ። ጠዋት 12፡40

ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሳልሜ መጣሁ። ፈቃድ ሞልቻለሁ። የሊጉ ኮሚቴ ዛሬ ከሰዓት አዋሽ ይሰበሰባል። ደብዳቤው አምስት መስመር ነው። ብዙ ለመጻፍ ሞክሬ ነበር፣ ሰበብ ሰበብ ሲሸተኝ ተውኩት። የመሰረዣው ቅጽም አብሮ አለ። ምክንያቱ አሁንም ባዶ ነው። አዋሽ ስደርስ እሞላዋለሁ።

አሊ መጣ። የማስተማሪያ ክፍለ ጊዜውን ትቶ። ብዕር አለህ? አለኝ። ከፊርማዬ ሥር ፈረመ። ፊርማው እንደ ሁልጊዜው አይነበብም። ዳዊት እንዳይቀጣ ጻፍክ? አለ። ጽፌአለሁ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ። ሌሎቹንስ አልኩት። ሜዳ ላይ እነግራቸዋለሁ፣ ልምምድ እንደሆነ አይቀርም አለ። ሄደ። ትከሻዬን መታ አድርጎ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ተቀምጫለሁ። ከጎኔ አንድ አፋር ገባ፣ የጭፍራ ሰው፣ ሚሌ የሚወርድ። ወዴት ነህ አለኝ። አዋሽ። ወሬ አለ? አለኝ። ለሌላ ሰው ቢሆን ደህና ነው ብዬ አልፈው ነበር።

እንደሚነግሩት ነገርኩት፣ ያየሁትን ከሰማሁት ለይቼ። ሁመድ ዑመር፣ የአፋምቦው፣ ሹፌሩ፣ ሞቷል። አላየሁም፣ ከቀበረው ሰው ሰምቻለሁ። ቅዳሜ አዋሽ ላይ ስሙ ተጠርቷል። ይህን አይቻለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጌታቸው፣ የሰመራ ቡድን ጸሐፊ። አቤት ያለው እሱ አይደለም።

ሰውየው ስም እንዳልስት አንዴ ድገምልኝ አለኝ። ደገምኩ። ሁመድ ዑመር ሞቷል ስል አፌ ላይ ተሰበረ። ሰው በተሞላ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ አጀንዳዬ። እንባው አራት ሳምንት ሙሉ የት እንደነበረ አላውቅም። ጎረቤቴ ሶፍት አቀበለኝ። ረዳቱ ሒሳብ ሊቀበል መጥቶ አይቶኝ አለፈ።

ቅጹን አውጥቼ ምክንያቱን ሞላሁ። ሞቷል። አንድ ቦታ ቀለሙ ረጥቧል፣ ግን ይነበባል።

ጎረቤቴ ስልኩን አውጥቶ በአፋርኛ መናገር ጀምሯል። ሁመድ ሲል ሰማሁ፣ ጌታቸው ሲል ሰማሁ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ አዋሽ ይገባል። በአሳይታም በኩል ይሄዳል፣ አባ ዑመር ቤታቸው ሳይደርሱ መንገድ ላይ የሚያገኟቸው ሁሉ አውቀው ይጠብቋቸዋል፣ ምናልባት እሳቸው እንዳይናገሩት

ሾፌሩ አስነሣ። ከዚህ በኋላ መጻፍ አይቻ