ለሸክላው ሽፋን የተነሣ እጅ

ኅዳር 3 ቀን 1963 ዓ.ም፣ ሐሙስ

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ፖስታ ቤት ጎራ አልኩ። ከአዲስ አበባ ደብዳቤ። የሸክላ ቤቱ ባለቤት ይቸኩላል። በክረምት የቀዳናቸው ሁለቱ ዘፈኖች ሊታተሙ ነው፤ የቀረው የሽፋኑ ሥዕል ብቻ። ሱፍ ልብስ ለብሰህ፣ ክራርህን ታቅፈህ፣ ፈገግ ብለህ ፎቶ ተነሣና ላክልኝ ይላል።

ፈገግ ብዬ... ለማን?

ልጄን ጽጌሬዳን ለልጃቸው ያጩት የአዘዞው ቄስ ሐብተ ማርያም ክራር እንደምመታ ያውቃሉ። ከቤት እስካልወጣ ድረስ ግድ የላቸውም። ፊቴን አዘዞ ጠጅ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቢያዩትስ? ልጃቸው የአዝማሪ ልጅ ሊያገባ ነው ይባላል። ሽማግሌ የሚቀመጠው ደግሞ ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት ባለው እሑድ ነው። የጽጌሬዳ ነገር እስኪያልቅ በጸጥታ መኖር አለብኝ።

ለስሙስ መላ አግኝቼለታለሁ። አያቴ በምትጠራኝ ስም፣ ፋንታሁን ተብሎ ይጻፍ ብያለሁ። ፊቴን ግን ምን ላድርገው?

ለየዓለምወርቅ ደብዳቤውን አነበብኩላት። ሳቀች። "እንግዲያ ጀርባህን ሰጥተህ ተነሣላቸው፤ ከፊትህ ይሻላል" አለች። ባለቤቴ ስትስቅብኝ ደስ አይለኝም፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነቷን ስለሆነ።

ሲመሽ ክራሩን ቃኘሁ። የግራ እጄ ትንሿ ጣት ዘገየችብኝ። ብርዱ ይሆናል።

ኅዳር 4፣ ዓርብ

እዚሁ ፒያሳ፣ ዳኛው ፎቶ ቤት። ችግሬን ነገርኩት። ከመሳቢያ አንድ ፎቶግራፍ አወጣ። የሚያስፈራ አውሬ ነው፤ እግሩ ሁሉ ጦር የተሰካበት። ምንድን ነው አልኩት። ቢንቢ! ለአንድ የውጭ አገር ሐኪም ያነሣት ናት። ሌንሱን ከካሜራው ነቅሎ በመሐል የቆርቆሮ ቱቦ ያስገባል። ቱቦው በረዘመ ቁጥር ትንሹ ነገር ይተልቃል። እንዴት ያለ ሰው ነው... ባዶ የቲማቲም ጣሳ ውስጡን ጥቁር ቀብቶ ቢንቢን በሬ ያሳክላል።

"እንግዲያ ፊቴን ተወውና የክራሩን ጅማት እንዲህ አድርገህ አንሣልኝ" አልኩ።

"ጅማት ብቻውን ገመድ ነው፣ አያ ዋኘው። ጣት ይኑርበት። ጣት ሲኖር ሰው እንዳለ ይታወቃል።"

አሰብኩበት። ጣት ስም የለውም። ጣትን አይቶ ይኸ እገሌ ነው የሚል የለም። ተስማማን።

ኅዳር 5፣ ቅዳሜ

ጧት ፎቶውን ልነሣ ዳኛው ጋ ሄድኩ። ቱቦው ብርሃን ይጠማል አለና ሁለት ትልልቅ አምፖሎች እጄ ሥር አስጠጋ። ካሜራው ከጣቴ አንድ ስንዝር አይርቅም። ክራሩን ከጠረጴዛው ጋር አሰረው። እኔን ማሰር ስላልቻለ ይጮኽብኛል። አትተንፍስ። ትከሻህን ጣል። ትንፋሽህ ከነካው ሁሉም ጭጋግ ነው። አንዱን አነሣ፣ ቱቦ ቀየረ፣ አምፖሉን ወደ ትንሿ ጣት ይበልጥ ገፋ፣ ደገመ።

በመሐል የተለበለበ ፀጉር ሸተተኝ። አምፖሉ ላይ ያለ አቧራ ነው ብዬ ተውኩት።

ሲጨርስ ላቡን ጠረገ። "ምን ዓይነት እጅ ነው! ሰው እዚህ አምፖል ሥር አይቆይም፣ ይሸሻል። ስንቱ ሙሽራ ሰድቦኝ ወጥቷል መሰለህ። አንተ ድንጋይ ነህ።" ደስ አለኝ።

ምሳ ላይ የዓለምወርቅ እጅ ስታስታጥበኝ ማንቆርቆሪያውን ቀጥ አደረገችው። ትንሿ ጣት ጠርዟ ላይ ትልቅ ውኃ ቋጥራለች። "ይኸ ምን ነካው? ምነው ሳትነግረኝ?" አለች።

አምፖል ነው አልኳት። እኔም አሁን ማየቴ መሆኑን አልነገርኳትም።

ኅዳር 6፣ እሑድ

የቋጠረው ውኃ አደገ። አያመኝም።

ለምን አያመኝም?

ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ ቀረሁ። ቅጥሩ በር ላይ የሚለምኑትን ማየት ፈራሁ። ሌላ ጊዜ ሳንቲም ወርውሬ አልፋለሁ... ወርውሬ። ለካ አንድ ቀን እንኳ በእጅ ሰጥቻቸው አላውቅም።

ሁሉም ቅዳሴ ሲሄዱ መርፌ ፈለግሁ። የቀለበት ጣቴን ወጋሁ፤ አሞኝ ዘለልኩ። ትንሿ ጣት፤ ምንም። መርፌው ገብቶ ቆመ። እየወጋሁ ወደ ላይ ሄድኩ። በዳር በኩል እስከ አንጓው ድረስ የኔ እጅ አይደለም።

ከመቼ ጀምሮ? ትንሿ ጣት መዘግየት የጀመረችው ዛሬ ነው እንዴ? በክረምቱ ቀረጻ ሁለተኛውን ዘፈን ደጋግመን ስናበላሽ ባለ ሸክላው ምን ነበር ያለኝ? "አንዱ ድምፅ ይጎድላል።" መንገዱ አድክሞኝ ነው አልኩ። ዕድሜ ነው አልኩ።

የበሽታውን ስም እዚህ አልጽፈውም።

ኅዳር 9፣ ረቡዕ

ዳኛው ፊልሙን አጥቦ ጠበቀኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ጅማቱ የጉድጓድ ገመድ አክሏል፤ የተገመደበት ሁሉ ይታያል። ቆዳዬ የታረሰ ማሳ ነው። ትልም በትልም። በየትልሙ ላቤ እንደ ጤዛ ያበራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፈኔን ያየሁት መሰለኝ። አዎ፣ ይኸንን ይመስላል አልኩ... እንዲህ ነው ማለት የፈለግሁት።

ከዚያ ዓይኔ ወደ ትንሿ ጣት ሄደ። ከጣቷ ግርጌ ተነሥቶ ወደ እጄ ጀርባ የሚሄድ ገርጣ ያለ ቦታ። ላብ የለበትም። ፀጉር የለበትም። በማሳው መሐል ጠፍ መሬት።

"ብርሃኑ ነው፣ አይደል?" አልኩ።

ዳኛው ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ ወሰደው፣ መለሰው።

"ያበራሁት ከሁለቱም ወገን ነው" አለ። "ብርሃን ደግሞ እንዲህ ያለ ድንበር የለውም፣ አያ ዋኘው።"

እጄን ኪሴ ከተትኩ። እሱም የሌላ ሰው ጉርድ ፎቶ መከርከም ጀመረ።

ኅዳር 11፣ ዓርብ

እንኳየሁ ጋ ሄድኩ። የሆስፒታል ድሬሰር ነው፣ ቁስል አጣቢ፤ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። በኋላ በር አስገባኝ። ዓይኔን አስጨፍኖ በጥጥ ጫፍ ይነካካኛል፤ የነካኝን ቦታ በሌላው እጄ ላሳየው ነው። ስናበቃ ዓይኔን ገልጬ ፊቱን አየሁ። ክርኔ ላይ ያለውን ነርቭ ዳሰሰ። ሐኪሙን ጠራ። እሱም ዳሰሰ።

"ሥጋ ደዌ ነው" አለ እንኳየሁ።

አለው። ስሙን እኔም ጻፍኩት።

ኪኒን አለው፤ ለዓመታት ይዋጣል። ከዘር አይወረስም አለ። ከጀመርከው ቤተሰብህን አያሰጋም። የደነዘዘው ግን ላይመለስ ይችላል፤ ከእሳትና ከስለት በዓይንህ ጠብቀው። ክራሩስ አልኩት። "የቀሩት አራቱ ሥራ ፈት ናቸው እንዴ?" አለ። ሊያስቀኝ ነው። አልሳቅሁም። አጥሩ ሥር ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ኅዳር 12፣ ቅዳሜ

ለየዓለምወርቅ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ተነሥታ በሩን ዘጋች።

መጀመሪያ የጠየቀችው ማን ያውቃል ብላ ነው። እንኳየሁና ዳኛው አልኳት። ፎቶግራፉስ? አገሩን ሁሉ ሊዞር አይደለም እንዴ?

ነገ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። ሁለቱ አባቶች ከዘራችን ክፉ ደዌ የለም ብለው መስቀል ጨብጠው ይምላሉ። ወጉ ነው። ያለዚህ መሐላ የካህን ቤት ልጅ አይሰጥም፣ አይቀበልም።

"የሚጠይቁህ ዘርህን ነው" አለች። "አባትህ ነበረበት? አልነበረበትም። አያትህስ? አልነበረበትም። ታዲያ ምኑን ዋሸህ?"

ጠበቃ ብትሆን ማንም አይረታትም። ጽጌሬዳ ጓዳ ሆና ለነገው በርበሬ ትነፋለች። ወንፊቱ አንዳንዴ ዝም ይላል። ትሰማ ይሆን?

ከሰዓት በኋላ ዳኛው ጋ። ገና አፌን ሳልከፍት ገባው። ቀላል ነው፤ ኔጋቲቩን በምላጭ ጫፍ ቀስ ብዬ ስፍቀው ቦታው ከሌላው ቆዳ ጋር ይመሳሰላል አለ። ስንቱን ለምጽ፣ ስንቱን ጠባሳ አጥፍቻለሁ። ሰኞ እጀምራለሁ።

ፋቀው አልኩ።

ኅዳር 13፣ እሑድ

መጡ። የቄሱ አጎት አያ ወልደኢየሱስ በመሐል፣ ቄስ ሐብተ ማርያም በቀኛቸው። ትውልድ ተቆጠረ። ዝምድና አልተገኘም። ሁሉም ደስ አላቸው። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። መጀመሪያ የሴቷ አባት ይማል ተባለ።

በቀኝ እጄ ጨበጥኩ። ግራው ጋቢ ሥር ነው። አያ ወልደኢየሱስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በዘርህም ሆነ በቤትህ ክፉ ደዌ የለም?"

በቤትህ! ይኸንን የዓለምወርቅ አላሰበችውም። እኔም አላሰብኩትም። የለም የምትለው ቃል ተዘጋጅታ ነበር፤ ምላሴ ላይ ነበረች። ቄሱ ጫማቸውን ያያሉ።

"በዘሬ የለም" አልኩ። "በቤቴ ግን አለ። በእኔው ላይ።" ግራ እጄን አውጥቼ አሳየሁ።

ሌሎቹ ፊታቸውን አዞሩ። ቄስ ሐብተ ማርያም ብቻ አፍጥጠው አዩት። መስቀሉን ተቀብለውኝ በነጠላቸው ጠቀለሉትና ተነሡ። ዘመድ ሳናማክር መቁረጥ አይሆንልንም፣ ይቆየን አሉ። ወጡ። ዶሮው ሳይነካ ቀረ።

የዓለምወርቅ ሳህኖቹን እያነሣች "ምነው?" አለች። ያቺን ብቻ።

ጽጌሬዳ ወጥታ የውጭውን በር ዘጋች። ስትመለስ አላየችኝም።

ኅዳር 14፣ ሰኞ

ትምህርት ቤት ሳልገባ ዳኛው ጋ ሮጥኩ። ምላጩን ይስል ነበር።

ተወው አልኩት። እንዳለ ላከው።

"ሰው ቢያውቅስ?"

"አዘዞ ትናንት አውቋል። ከእንግዲህ ለማን ብዬ ነው የማስፍቀው?"

ያን ማሳ ምላጭ ቢነካው አዝን ነበር። ይኸንን ግን አልነገርኩትም።

ታኅሣሥ 7፣ ረቡዕ

ኪኒኑን እየዋጥኩ ነው። ትምህርት ቤት ገና አልሰሙም። ርዕሰ መምህሩ በክፍሌ በር ባለፈ ቁጥር ግራ እጄን ኪሴ እከታለሁ።

የዓለምወርቅ ብርጭቆዬን ለብቻው አስቀምጣለች። አላየሁም አልኩ።

ታኅሣሥ 26፣ ሰኞ

ብርጭቆዬን ከሌሎቹ መሐል አገኘሁት። የመለሰው ማን ነው? እሷ ወይስ ጽጌሬዳ? አልጠየቅሁም።

ጥር 13፣ ሐሙስ

ጥምቀት አለፈ። ከአዘዞ ምንም ወሬ የለም። ሰርጉ በዚህ ወር ነበር። ጽጌሬዳ ስለ እሱ አታነሣም። ዛሬ ግን ክራር ስሞክር መጥታ ቆመች። በአራት ጣት አዲስ ቅኝት እየፈለግሁ ነው፤ ይሰነካከላል። "እንደ ሽማግሌ በሬ ነው የሚሄደው" አለች። መሳደቧ እንኳ ደስ አሰኘኝ።

የካቲት 3፣ ረቡዕ

ሸክላው ወጣ! ፒያሳ ራዲዮ መሸጫው መስኮት ላይ ተደርድሯል። ሰዎች ከበው ይከራከራሉ። አንዱ የታረሰ መሬት ነው ይላል። ሌላው ከአውሮፕላን የተነሣ ነው አለ። አንዲት ሴት የዝሆን ቆዳ መሆኑን ማለች። እጅ ነው ያለ የለም። ስሙ፣ ፋንታሁን።

ውስጥ ዘፈኔ ይሰማል። አንዱ ድምፅ ይጎድላል፤ አሁን እሰማዋለሁ። ግራ እጄን ከጀርባዬ ደብቄ መቆሜን ያወቅሁት ስመለስ ነው።

የካቲት 8፣ ሰኞ

ተማሪዎች ሲለቀቁ ቄስ ሐብተ ማርያም ዣንጥላቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ብቻቸውን። የሰርጉን ነገር ሊያፈርሱ፣ ወይም ለርዕሰ መምህሩ ሊነግሩ...

ከዛፉ ሥር ወሰዱኝ። ከነጠላቸው ውስጥ የሸክላውን ሽፋን አወጡ። ሽፋኑን ብቻ። አዘዞ ካለ ባለ ሱቅ ለምነው ነው ያገኙት።

"ስሙ የሌላ ሰው ነው" አሉ። "እጁ ግን ያንተ ነው። ያን ቀን አይቼዋለሁ።"

አዎ አልኩ። አዝማሪነቴን ሊገሥጹ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ጣታቸውን ጠፍ መሬቱ ላይ አኖሩ።

"እንዲህ ተልቆ እስካየው ድረስ ጭርት ነው እያልኩ ቅቤ ስቀባው ነበር።"

አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ።

"እንዴት አወቅህ?" አሉ።

አምፖል አቃጥሎኝ ሳይሰማኝ ቀርቶ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እኔን ፍም ነው። በገና ሰሞን እግሬን ሳሞቅ። ሽታውን ሚስቴ ናት የነገረችኝ።" ሽፋኑን መልሰው ሸሸጉት። "ያን እሑድ ካንተ ቀጥሎ የምምለው እኔ ነበርኩ። እምልም ነበር።"

ሆስፒታል ወሰድኳቸው። መንገድ ላይ ፈንጠር ብለው ሄዱ፤ ዣንጥላውን ፊታቸው ላይ ደፍተው። በኋላ በር ገባን። እንኳየሁ እግራቸውን ሲያጥብ አፈሩ፤ ይኸስ የካህን ሥራ ነበር አሉ። ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ የነካሁዎትን በጣትዎ ያሳዩኝ አላቸው። ጨፈኑ።

ጥጡን አየዋለሁ። ተረከዝ። የእግር ጀርባ። አውራ ጣት። እንደገና ተረከዝ። ጠቋሚ ጣታቸውን ቀስረው በትዕግሥት ይጠብቃሉ። እንኳየሁ ጥጡን ሳህኑ ላይ አስቀመጠና እኔን አየኝ።

"ምነው፣ አትጀምርም እንዴ?" አሉ ቄሱ።